ጋሽ ባምላኩ በእንግሊዝ ባሕር ዳር ለቅሶ የደረሱ ዕለት

ደብረ ታቦር ውስጥ ጋሽ ባምላኩን የማያውቅ ሰው ካለ ገና ዘመድ አልሞተበትም ማለት ነው። ጋሽ ባምላኩ ሃያ ስምንት ዓመት የእድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። በእነዚህ ዓመታት አንድ ቀብር አላመለጣቸውም፤ የቀራቸው የራሳቸው ብቻ ነው። ጎህ ሲቀድ ከደጃቸው ቆመው ሲነፉ ጋፋት ላይ የሚያርሰው ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ ነጠላውን ይፈልጋል፤ ሐሙሲት ገበያ ላይ በዋጋ ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሰዎች ደግሞ ባሉበት ይስማማሉ ይባላል። አንድ ጊዜማ ተገንዞ የተኛ ሰው ጥሩምባውን ሰምቶ፣ "ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" ብሎ ቀና አለ ይላሉ። ይህን በዓይኑ ያየ የለም፤ ያላመነም የለም።

ቀን ቀን የጤና ጣቢያ ዘበኛ ናቸው። ሰው ሲታመም በበር ያስገባሉ፣ ካልዳነ በጥሩምባ ይሸኛሉ። ሥራውን ከዳር እስከ ዳር እንዲህ የያዘ ሰው በዞኑ ውስጥ የለም።

በለቅሶ ግን ቀልድ አያውቁም። "ለቅሶ ቤት የገባ ሰው እንደ ዶሮ ጭሮ አይወጣም" ይላሉ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ይቀመጣል፤ ዝም ይላል፤ ንፍሮው ሲዞር ይቆነጥራል፤ ሌላ ሰው ሲመጣ ቦታ ለቆ ይነሳል። ለአንዱ ደርሶ ጎረቤቱን መዝለል ደግሞ ከነጭራሹ የለም። የተዘለለ ሐዘንተኛ ቂሙን ለልጅ ልጁ ያወርሳል።

እኒህን ሰው ነው እንግዲህ ልጃቸው ሠናይት ባለፈው ዓመት ለሦስት ወር እንግሊዝ አገር የወሰደቻቸው። ሠናይት ስድስት ዓመት ኩዌት ሠርታ፣ ከዚያ የአስታማሚነት ኮርስ ወስዳ፣ አሁን እንግሊዝ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራለች። ጋሽ ባምላኩ ጥሩምባውን ለምክትላቸው ለዘውዱ አስረክበው ሄዱ። ዘውዱ ትንፋሹ አጭር ነው፤ እሱ ሲነፋ ሟቹ ራሱ መሞቱን አይሰማም እየተባለ ይታማል። ስለዚህ ጋሽ ባምላኩ በየሁለት ቀኑ ሚስታቸው ወርቅነሽ ጋ እየደወሉ፣ "ማን ሞተ? ማን ሄደ? ማን ቀረ?" ይላሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ልትጠይቅ አይደለም የሄድከው?" ትላቸዋለች ወርቅነሽ። "እዚያው አካባቢ የሞተ ፈልግ እንጂ።"

መፈለጉንስ ፈልገው ነበር። አንድ ወር ሙሉ በሠናይት ሰፈር ሲዞሩ አንድ ድንኳን አላዩም፤ አንድ ጩኸት አልሰሙም።

"ይህ አገር ሰው አይሞትበትም እንዴ?" አሏት አንድ ቀን።

"ይሞታል አባባ። በጸጥታ ነው።"

"በጸጥታ ከሆነ ማን ሰምቶ ይደርሳል?"



መጦሪያው በዓመት አንድ ቀን አረጋውያኑን በአውቶቡስ ጭኖ በባሕር ዳር ያሉ ትንንሽ ከተሞችን ያስጎበኛል። በዚያ ዓመት የጉዞው ኃላፊ ሠናይት ነበረች። ረዳቷ በዋዜማው ስለታመመባት አባቷን ዊልቸር እንዲገፉላት ይዛቸው ወጣች። አሥራ አራት አረጋውያን፣ ሦስት ከተማ፣ አንድ ቀን።

"አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ" አለች አውቶቡሱ ሳይነሳ። "ሦስተኛዋ ከተማ መድረስ አለብን። እኒያ መስኮት ጥግ የተቀመጡት ሚስተር ሃሮልድ እዚያ ቀጠሮ አላቸው።"

"ከማን ጋር?" አሉ ጋሽ ባምላኩ። ነገር ግን አንዲት አሮጊት ጥርሴን ረሳሁ ብላ ስለተጣራች ሠናይት ሳትመልስ ሮጠች።

እሳቸው ያልሰሙትን እኛ እንስማው። እንግሊዞች አንድ ልማድ አላቸው። ሰው ሲሞትባቸው፣ ሟቹ ይወደው በነበረ ቦታ አግዳሚ ወንበር ያሠሩና ስሙን፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ዓመት በትንሽ ነሐስ ላይ አስቀርጸው ይለጥፉበታል። ከዚያ ማንም መንገደኛ ይቀመጥበታል። የሚስተር ሃሮልድ ባለቤት ኤድና ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። አግዳሚዋ በሦስተኛዋ ከተማ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ሚስተር ሃሮልድ ያዘዙት በስልክ ነው፤ አንድም ቀን አላዩትም። በመጀመሪያው ዓመት እግራቸው ተሰበረ፣ በሁለተኛው ዝናብ ጉዞውን አስቀረው፣ በሦስተኛው አውቶቡሱ ራሱ ታመመ። አሁን ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሐኪማቸውም ከዚህ ጉዞ በኋላ አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም ብሏቸዋል። ይህን ሁሉ ለሠናይት የነገሯት አንድ ጠዋት ካልሲ ስታለብሳቸው ነው። ለሌላ ለማንም አልተናገሩም። እንግሊዛዊ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ውሃ ለመጠየቅ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ሹፌሩ ኮሊን ይባላል። ኮሊን ሚስቱን ይወዳል፣ ከሚስቱ ቀጥሎ ግን ሕግ ይወዳል። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ተነስቶ አዋጅ አሰማ። "በየከተማው አንድ አንድ ሰዓት። ከተፈቀደልኝ በላይ አንዲት ደቂቃ አልነዳም። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከሁለተኛዋ ከተማ ካልወጣን ሦስተኛዋን ትተን ወደ ቤት ነው።" ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ እሱ በራሱ ነው የተናገረው።

መንገዱ በአጥር በአጥር የተከፈለ ለምለም መሬት ነው። ጋሽ ባምላኩ በመስኮት ሲያዩ ቆዩና አንድ የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ቤት ሲያልፉ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ምስኪን። ቆርቆሮ ማልበስ አቅቶታል።"

"አባባ፣ እዚህ ሣር ቤት ያለው ሀብታም ነው።"

"ኧረ ተይ።"

"እውነቴን ነው። ያንን ጎጆ የሚገዛ ሰው ደብረ ታቦርን ከነተራራው ይገዛል።"

ጋሽ ባምላኩ ወደ ኋላ ዞረው ጎጆውን እንደገና አዩት። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የሣር ቤታቸውን አፍርሰው ቆርቆሮ ሲያለብሱ ሰፈሩ እልል ብሎላቸው ነበር። አሁን እንደ ከሰረ ነጋዴ ትክዝ ብለው እስከ መጀመሪያዋ ከተማ ደረሱ።

የከተሞቹ ስም ለጋሽ ባምላኩ ምላስ አልመች ስላለ በራሳቸው ስም አወጡላቸው። የመጀመሪያዋን ሐሙሲት አሏት፤ በመንገድ ግራና ቀኝ ሱቅ አለ፣ ዕቃ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ሰው ሳይገዛ እየነካካ ያልፋል። ወደቡ ላይ ሲደርሱ ግን ጀልባዎቹ ሁሉ ጭቃ ላይ በጎናቸው ተኝተው አገኟቸው።

"ባሕሩስ?" አሉ።

"ሄዷል አባባ። ከሰዓት በኋላ ይመለሳል።"

"ማን ነገረሽ?"

"ያው ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። በስምንት ሰዓት ከሃያ ይመጣል።"

ጋሽ ባምላኩ ሰሌዳውን ቆመው አዩት። "የእኛ ሰፈር ቧንቧ ሁለት ሳምንት ሲቀር አንዲት ቃል አይጽፍም" አሉ። "ይህ ባሕር የሚያህል ነገር የሚመለስበትን ሰዓት ተናግሮ ይሄዳል። ጨዋ ነው።"

እንዲህ እያሉ ዞር ሲሉ ነው አግዳሚውን ያዩት። ጥቁር ካፖርት የለበሱ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ሽበታም፣ ወደ ጭቃው ዞረው ተቀምጠዋል። አይነጋገሩም። ጭናቸው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ድንች አለ፤ አንድ አንድ እያነሱ በዝግታ ያኝካሉ። ከጀርባቸው ትንሽ ነሐስ ተለጥፏል። ጋሽ ባምላኩ ፊደሉን አያውቁትም፤ ቁጥሩን ግን ያውቁታል። 1934፣ ሰረዝ፣ 2019።

"ሠናይት፣ ይህ ምን ይላል?"

ሠናይት በአንድ እጇ አንድ ዊልቸር፣ በሌላ እጇ ሌላ ዊልቸር እየገፋች፣ በጥርሷ የአንዲት አሮጊት ቦርሳ ይዛ ነበር። ቦርሳውን ለአፍታ አወረደችና፣ "የሞተች ሴት ስም ነው አባባ። ዶሮቲ። ይህን ቦታ ትወደው ነበር ይላል" ብላ አለፈች።

ለጋሽ ባምላኩ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለላቸው። ሐዘንተኛ ተቀምጧል። የሟች ስም ከጀርባው ተጽፏል። ሰው ዝም ብሏል። የድንች ንፍሮ ይበላል። አንድ ወር ሙሉ ሲፈልጉት የከረሙት ለቅሶ ለካ ባሕር ዳር ኖሯል፤ የጎደለው ድንኳን ብቻ ነው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የዶሮቲን ነፍስ ይማር" አሉና ከጎናቸው ተቀመጡ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ትንሽ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧቸው። ሦስቱም ጭቃውን ማየት ጀመሩ። ከደቂቃዎች በኋላ ሽማግሌው አንድ ድንች አንስተው ዘረጉላቸው፤ ጋሽ ባምላኩ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ንፍሮው ዞረ። ጥርጣሬ ከነበረም ሞተ።

በወደቡ ዳር አሥራ አንድ አግዳሚ ነበር። ለአንዱ ደርሶ ሌላውን መዝለል ደግሞ የለም ብለናል። ሁለተኛው ላይ ጋዜጣ ወደሚያነብ ሰውዬ ሄዱ፤ እሱ ጋዜጣውን አጥፎ የአየሩን ነገር አጫወታቸው፣ እሳቸውም፣ "አሜን፣ አሜን" አሉት። አራተኛው ላይ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት አንገት ለአንገት ተቃቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አገኟቸው። ሐዘናቸው ልባቸውን ነካው። ከልጁ ጎን ተቀምጠው ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ፣ "አይዞህ ልጄ፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን" አሉት። ልጁ ዓይኑን ገለጠና ከዚያ በኋላ ልጅቷን አላቀፋትም፤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ቄስ ተማሪ ተቀመጠ። ሰው የሌለባቸው ባዶ አግዳሚዎችም ነበሩ። ከሁሉ ያሳዘኗቸው እነሱ ናቸው፤ የሚቀመጥለት እንኳ የሌለው ሟች ነዋ። እነሱ ላይ እጥፍ ቆዩ።

ሠናይት አረጋውያኑን ሰብስባ አውቶቡስ ውስጥ አስገብታ አርባ ደቂቃ ስትጠብቅ ቆየች።

"የት ነበሩ አባባ?"

"ለቅሶ።"

"የማን ለቅሶ?"

"የማን ያልሆነ አለ? ከተማው እንዳለ ሐዘን ላይ ነው።"

ሠናይት ነገሩን ለማብላላት ጊዜ አልነበራትም። አሥራ አራቱን መቁጠር ነበረባት፤ አንዷ ቆጠራው መሐል ሽንት ቤት እየሄደች ሦስት ጊዜ አስቆጥራታለች። ኮሊን ሰዓቱን አየ። ሚስተር ሃሮልድም የራሳቸውን ሰዓት አዩና እጅጌያቸውን መልሰው ሸፈኑበት።

ሁለተኛዋን ከተማ ጋሽ ባምላኩ ወንዛዬ አሏት፤ ሰው ልብሱን አውልቆ ውሃ ውስጥ ሲገባ ስላዩ። ነገር ግን የእኛ ወንዛዬ ፍል ውሃ ነው፣ የገባ ላብ አጥምቆት ይወጣል። እዚህ የሚገቡት ሰማያዊ ሆነው ነው የሚወጡት። አንድ ቀይ ሆኖ የገባ ሰው ሐምራዊ ሆኖ ሲወጣ አይተዋል። "ውሃውን ማሞቅ ረስተዋል" አሉ በሐዘኔታ፣ "የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ።"

ሠናይት ይህን ጊዜ ተጠንቅቃ ነበር። የሚስተር ሃሮልድን ዊልቸር በእጃቸው አስያዘቻቸውና፣ "አባባ፣ እዚህች ግንብ ሥር ይቀመጡ። ከሚስተር ሃሮልድ ጋር ብቻ ይቆዩ። የትም እንዳይሄዱ" አለች። ከዚያ አሥራ ሦስቱን ይዛ አይስክሬም ፍለጋ ሄደች።

ጋሽ ባምላኩ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከሚስተር ሃሮልድ አልተለዩም። ግንቡን አልፈው ሲያዩ ግን በባሕሩ ዳር ሃያ ስድስት አግዳሚ ተደርድሯል፤ ሃያ ስድስት ለቅሶ ከፊት ለፊት እያዩ ግንብ ሥር መደበቅ ደግሞ ከእሳቸው የሚጠበቅ አይደለም። ዊልቸሩን እየገፉ ተነሱ።

በመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ሚስተር ሃሮልድ አዩዋቸው። የሚያደርጉትን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው የራሳቸውን ኮፍያ አወለቁ። ከዚያ በኋላ ሥራ ተከፋፈሉ፦ ሚስተር ሃሮልድ ነሐሱን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ጋሽ ባምላኩ ነፍስ ይማር ይላሉ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አንዲት ቃል ሳይሰማ ተግባቡ። ሚስተር ሃሮልድ በየመካከሉ ሰዓታቸውን ማየታቸው አልቀረም፤ ግን ይህን ያህል በአክብሮት የሚገፋቸውን እንግዳ ሰው፣ "ይበቃናል፣ እኔ የራሴ አለብኝ" ማለት ነውር መሰላቸው።

አሥራ አራተኛው አግዳሚ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ሴትዮ ነበረች። ጋሽ ባምላኩ ያጽናሽ ብለው ገና ሲቀመጡ ሴትዮዋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ባምላኩ በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁትን ነገር ስላዩ ደስ አላቸው ማለት ይቻላል። ሃያ ደቂቃ አብረዋት ቆዩ። በመጨረሻ ስልኳን አውጥታ የሟቹን ፎቶ አሳየቻቸው፤ ጆሮው የተንጠለጠለ ቡናማ ውሻ ነበር። ጋሽ ባምላኩ ፎቶውን አገላብጠው አዩና፣ "ጥሩ ጠባቂ ይመስላል። ነፍስ... እንግዲህ ያለውን ይማር" ብለው ተነሱ።

ሠናይት ስታገኛቸው ሃያ ስድስተኛው ላይ ነበሩ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። አሥራ ሦስቱ አረጋውያን አውቶቡስ ውስጥ አይስክሬማቸው ቀልጦ እጅጌያቸው ውስጥ ገብቷል። ኮሊን በሩ ላይ ቆሟል።

"ወደ ቤት ነው" አለ ኮሊን። "አዝናለሁ፤ ሦስተኛዋ ቀርታለች።"

ሚስተር ሃሮልድ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምንም አይደለም። ጥሩ ቀን ነበር" አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ ተደግፈው አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ከጥጋቸው ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ግንብ ነው፤ እሳቸው ግን ግንቡን ማየት አላቆሙም።

ሠናይት ይህን ስታይ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ከአውቶቡሱ ኋላ ወሰደቻቸው።

"አባባ፣ ምን አደረጉ? ምን አደረጉ አሁን እርስዎ?"

"ምን አጠፋሁ? ለቅሶ ደረስኩ።"

"እነዚህ ለቅሶ ላይ አይደሉም። ደክሟቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የሟቾቹን ስም እንኳ አያውቁም።" ከዚያ የኤድናን ነገር፣ የአራቱን ዓመት፣ የሐኪሙን ቃል አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ጋሽ ባምላኩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ሚስቱ?" አሉ።

"ሚስታቸው።"

"ከሞተች ጀምሮ ቦታዋን አላየም?"

"አንድ ቀን አላዩም።"

"እና እኔ ሐዘንተኛውን በእጄ እየገፋሁ ሃያ ስድስት የማላውቀው ሰው ጋ ሳስለቅሰው ዋልኩ።" ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር በእድር ታሪክ እንዳልተሰማ እሳቸው ራሳቸው ያውቃሉ። ጥሩምባ ነፊው ዋናውን ሐዘንተኛ ዘሎታል። "ሹፌሩን ለምኚው።"

"ለመንኩት። ሕግ ነው ይላል።"

"እንግዲያስ እኔ በወጉ ልለምነው።"

የባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ሳይሆን ድንጋይ ነው፤ ክብ ክብ፣ ለስላሳ፣ ማለቂያ የሌለው ድንጋይ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ደጅ ይንበረከካል፤ ያ ሰው ድንጋዩን እስኪያነሳለት ከዚያ አይነሳም። ለዚህ ሥራ ሲባል የተዘጋጀ የሚመስል አገር ጋሽ ባምላኩ አይተው አያውቁም። ወረዱና አማርጠው አንድ የሁለት ወር ጥጃ የሚያህል ድንጋይ አንገታቸው ላይ ጭነው መጥተው በኮሊን እግር ሥር በአውቶቡሱ በር ላይ ተንበረከኩ።

ኮሊን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ምን እያደረገ ነው?"

"ይቅርታ እየጠየቁህ ነው" አለች ሠናይት። "ሦስተኛዋ ከተማ እንድትወስደን።"

"ድንጋዩስ?"

"አንተ ካላነሳህላቸው አይነሱም።"

ኮሊን ሕግ የሚወድ ሰው ስለሆነ በመጀመሪያ የታየው ክብደት የማንሳት ደንብ ነው። ጉልበት ሳይታጠፍ፣ ጓንት ሳይደረግ፣ ቅጽ ሳይሞላ እንዲህ ያለ ነገር በአውቶቡሱ ደጅ ሊነሳ አይችልም። ይህን እያስረዳ ሳለ ከኋላው ኮቴ ሰማ። አረጋውያኑ ወርደዋል። ምን እየተደረገ እንደሆነ የገባው የለም፤ ከፊት አንድ ሰው ሲያዩ ግን ከኋላው መሰለፍ ደማቸው ውስጥ ነው። አንዷ አንድ ድንጋይ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ያለውም አነሳ። ዊልቸር ላይ ያሉት ጭናቸው ላይ አስደረጉ። አንዲት መጎንበስ የማይሆንላት ወይዘሮ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ ሰቅላ ከመጨረሻው ቆመች። አሥራ ሦስት ሰው፣ ድምር ዕድሜው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ኮሊንን አየ። ሚስተር ሃሮልድ ብቻ በመስኮት ነው የሚያዩት፣ ነገሩ ስለ ማን እንደሆነ አሁን ገብቷቸው ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል።

ኮሊን ወደ ሰማይ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከኪሱ የደንብ መጽሐፉን አውጥቶ ገለጠ። ለሁለት ደቂቃ አነበበ።

"እኔ ዛሬ የሚገባኝን እረፍት አልወሰድኩም" አለ በመጨረሻ። "እንዲህ ስንጠባበቅ ስለዋልን። አርባ አምስት ደቂቃ እረፍ ይላል ሕጉ። ካረፍኩ እንደገና መንዳት እችላለሁ።" መጽሐፉን ዘጋ። "የት እረፍ ግን አይልም። እራታችሁ ይቀዘቅዛል፣ ያን አላውቅም።"

ከዚያ ጉልበቱን በደንቡ መሠረት አጥፎ ድንጋዩን ከጋሽ ባምላኩ አንገት ላይ አነሳ።

ሦስተኛዋን ከተማ ጋሽ ባምላኩ ጋፋት አሏት። የተወለዱበት፣ በጥንት ዘመን መድፍ የተሠራበት አገር ነው፤ እዚህም አፋፉ ላይ የዛገ መድፍ አፉን ወደ ባሕሩ ከፍቶ ተቀምጧል። ወደ አፋፉ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፣ በዳገቱ ግራና ቀኝ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ አግዳሚ አለ። ሠናይት ትንፋሿን ያዘች።

ጋሽ ባምላኩ የሚስተር ሃሮልድን ዊልቸር እየገፉ ወጡ። በየአግዳሚው ፊት አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፣ "ይቅርታ፣ ባለቤት ይዤ ነው" ይላሉ፣ ያልፋሉ። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ሐዘንተኛ ያልዘለሉ ሰው አሥራ ዘጠኝ በአንድ ዳገት ዘለሉ። ከላይ ሲደርሱ ያላባቸው ከዳገቱ ይሁን ከኃጢአቱ አልታወቀም።

ሃያኛው የኤድና ነበር። አንዲት ድመት የምታህል ነጭ የባሕር ወፍ ቀድማ ደርሳ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰው ሲመጣ ጠጋ አለች እንጂ አልተነሳችም። ሠናይት ሚስተር ሃሮልድን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። እሳቸው ዞረው ነሐሱን በጣታቸው ዳሰሱት። ነፋሱ ካፖርታቸውን ያርገበግበዋል።

ጋሽ ባምላኩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊት ለፊታቸው ቆሙ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዘግይቼ ነው የደረስኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ አጠገብዎ ነበርኩ፣ አላወቅኩም።" ሠናይት ተረጎመችላቸው። ከዚያ ጋሽ ባምላኩ ተቀመጡ፤ ዝም አሉ።

ባሕሩ በተናገረው ሰዓት ተመልሶ፣ ከገደሉ ሥር ሙሉ ሆኖ ነበር።

"ኤድና ይህን ቦታ አትወደውም ነበር" አሉ ሚስተር ሃሮልድ ድንገት።

ሠናይት የሰማችውን ተጠራጥራ ቀና አለች።

"ትጠላው ነበር። ነፋሱ ጸጉሬን ያበላሸዋል ትል ነበር። የምወደው እኔ ነበርኩ፤ እሷ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። ወንበሩን በስልክ ሳዝ፣ 'ይህን ቦታ ትወደው ነበር ብለን እንጻፍ?' አሉኝ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስጽፈው አሉኝ። አይደለም ለማለት አፈርኩ።" ነሐሱን እንደገና ዳሰሱና፣ "አራት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። መጥቼ ልነግራት ነበር የፈለግኩት" አሉ።

ሠናይት ለአባቷ ተረጎመችላቸው።

ጋሽ ባምላኩ ነገሩን በጥሞና ሰሙ፤ ሙያቸው ነውና አልተደነቁም። "ንገሪያቸው" አሉ። "እኔ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ክፉ ሟች ለፍፌ አላውቅም። የጎረቤቱን አጥር ሲገፋ የኖረውን 'ለጎረቤቱ አዛኝ' ብዬ አስቀብሬዋለሁ። ጎረቤቱ ራሱ ነው ከሁሉ በላይ ያለቀሰው። የእሳቸው ሚስት ምን አለባት? ሹራብ የምትሠራ ሴት ናት፤ ትስቅ ይሆናል እንጂ አትቆጣም።"

ሚስተር ሃሮልድ የተተረጎመላቸውን ሰምተው መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሠናይት ብርድ መስሏት ብርድ ልብሱን ልታለብሳቸው ስትል መሳቅ ጀምረዋል። ወፏ እስክትበር ድረስ ሳቁ። ከዚያ በሳቁ መጨረሻ ላይ እንባቸው መጣ፤ ጋሽ ባምላኩም ለቅሶ እንዲህ ነው የሚመጣው ብለው አልከለከሏቸውም። ሚስተር ሃሮልድ ወደ ነሐሱ ዞረው በቋንቋቸው ሁለት ሦስት ቃል ተናገሩ። ሠናይት ይህን አልተረጎመችም።

አርባ አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ኮሊን ሰዓቱን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ሦስቱ በመስመር ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። አፉን ሊከፍት ሲል ምን እንደታየው እንጃ፣ ወፏ በለቀቀችው ጫፍ ተቀመጠና እሱም ባሕሩን ማየት ጀመረ።

"አባባ፣ ይነሱ እንጂ፣ ሰዓቱ ደርሷል" አለች ሠናይት በሹክሹክታ።

"ሐዘንተኛውን ብቻውን ጥዬ?"

የተነሱት ሚስተር ሃሮልድ ናቸው። "እንሂድ" አሉ። "ኤድና ብትኖር እስካሁን የመኪናውን ጥሩምባ ታስጮህብኝ ነበር።"

ወደ ታች ሲመለሱ ያው አሥራ ዘጠኝ አግዳሚ አለ፤ ጋሽ ባምላኩም ከአሥራ ዘጠኙም ሲመለሱ የሚከፍሉት ይቅርታ ተበድረው ነው የወጡት። ኮሊን ግን ብልህ ሰው ነው። ዊልቸሩን ከእጃቸው ተቀብሎ ራሱ ገፋ። ሠናይት ደግሞ አባቷን በክንዳቸው ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ እንዳዞሩ አወረደቻቸው።